እህት ያልሰማችው ሽያጭ

አከራያችን ቤቱን እንድንለቅለት የነገረን ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ወንድ ልጁን ሊድር ነበርና ሙሽሮቹን እዚያ ሊያስገባ አስቧል፤ ክረምቱ ሳይገባ ውጡልኝ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲነግረን እንኳ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። እኔና ባለቤቴ ግን ከተጋባን ጀምሮ ሀዋሳ ውስጥ ከቤት ቤት ስንዞር የኖርን ነን። አልጋ መፍታትና መግጠም እንደ ዓመት በዓል የማይቀር ነገር ሆኖብናል። ትልቋ ልጃችን አዲስ ሰፈር በገባን ቁጥር ጓደኛ እስክታገኝ የምታየውን ፍዳ አውቃለሁ። ዜናውን ስትሰማ አልጋዋ ላይ ወጥታ ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ሳበችው። ያን ዕለት ባለቤቴ፣ "ከእንግዲህ ኪራይ በቃን" አለ።

እሱ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ስለሆነ ጠዋት በባጃጅ ሄጄ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። ቤት ገዝተን አናውቅም። ለመግዛት ማሰባችንን ስናወራ ግን የማይመክረን ሰው ጠፋ። ካርታው በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት አጣሩ፤ ወሰኑን ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ እዩ፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ትፈርም፤ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይቅረቡ። ባለቤቴ ይህንን ሁሉ ለፈተና እንደሚቀርብ ተማሪ በቃሉ ያዘው። ቤት ልናይ ስንገባ እሱ ይጠይቃል፣ እኔ ግድግዳ አንኳኳለሁ።

ደላላችን ለስለስ ያለ፣ ሁለት ስልክ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ጠጋ ያለ ቤት አሳየን፤ ወለሉ በበጋ እንኳ እርጥብ ነው። ቀጥሎ ያየነው ቤት ባለቤት በሄድን ቁጥር ሐሳቡን የሚቀይር ሆነ። ሰኔ ደረስኩ ደረስኩ ሲል፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ወዳለ አንድ ግቢ ወሰደን። የረዳቶቹ ጥሪ እስከ ግቢው ድረስ ይሰማል። ፊት ለፊት የጭቃ ቤት፣ ከኋላ በብሎኬት የተሠሩ ሁለት ክፍሎች፣ መሃል ላይ ግቢውን ሁሉ የሚያለብስ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ። ባለቤቴ ገና ከበሩ እንደገባን ክንዴን ነካ አደረገኝ። ወዶታል ማለት ነው።

ሻጩ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚነግድ ሰው ነው። ሳንጠይቀው ይመልስልን ነበር። ቤቱ የእናቱ ነው፤ እናቱ አርፈዋል፤ ወራሾቹ እሱና ታላቅ እህቱ ብቻ ናቸው፤ ወራሽነቱን ፍርድ ቤት አጽድቆታል። እህቱ የምትኖረው እዚሁ ግቢ ነው።

"እሷስ ሽያጩን ተስማምታለች?" አለ ባለቤቴ።

"ተነጋግረን ጨርሰናል። ብቻዋን ነው ያለችው፤ ወደ እኔ ልወስዳት ነው። የፊርማው ቀን ትመጣለች።"

እህቱ ያን ጊዜ ጓሮ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ስልሳ የሞላቸው ይመስላሉ፤ ወንድምየው "እትዬ" ሲላቸው ሰምተን እኛም እትዬ አልናቸው። ወንበር አወጡልን፣ ውሃ ሰጡን፣ የልጆቻችንን ቁጥር ጠየቁ፣ ተመልሰው ወደ ምስራቸው ሄዱ። ዝምታቸውን ዓይን አፋርነት አደረግሁት። በሳምንቱ ምስክሮች ባሉበት ቀብድ ሰጠን። ዋናውን ውል ውልና ማስረጃ ቀርበን እንድንፈራረም ቀን ተቆረጠና ሰውየው ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ቁም ሳጥናችን በጭቃ ቤቱ በር ያልፍ እንደሆነ ልለካ ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ በደስታ ተቀበሉኝ። የሜትሩን አንዱን ጫፍ እሳቸው ይዘውልኝ፣ ሌላውን እኔ ይዤ ከክፍል ክፍል እንሄድ ጀመር። ዕቃችን ብዙ እንደሆነ ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

"ታዲያ አንዱ ክፍል ይበቃችኋል ልጄ? ወንድሜ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ብቻ ለተከራይ ነው ያለኝ።"

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ፊታቸውን ሳይ ሳቄ ቀዘቀዘ።

"እትዬ፣ እኛ እኮ ልንከራይ አይደለም። ቤቱን ገዝተናል። ቀብድ ሰጥተናል።"

የያዙትን ጫፍ ለቀቁት። የብረቱ ሜትር ተስፈንጥሮ ሲመለስ ጣቴን ቆረጠኝ። እሳቸው ግን አላለቀሱም፣ አልጮኹም። መጀመሪያ ያዩት ደሜን ነው። ንጹሕ ጨርቅ አምጥተው ጣቴን ጠቀለሉልኝ። ካሰሩ በኋላ ቀና ብለው፣ "በሚቀጥለው ሳምንት የግብር ወረቀት ስላለ አብረን ሄደን ትፈርሚያለሽ ብሎኛል" አሉ። ከዚያ ወጥተው ዛፉ ሥር ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መሄድም ከበደኝ፣ መቆየትም ከበደኝ።

እዚያ ተቀምጠን ነው ስለ ራሳቸው የነገሩኝ። አባታቸው ሲሞቱ ወንድምየው ገና ትንሽ ልጅ ነበር። እትዬ መናኸሪያው በር ላይ ዳቦና ሻይ እየሸጡ አስተማሩት። አግብተውም ነበር፤ እናታቸው አልጋ ላይ ሲወድቁ ግን ባላቸውን ትተው ወደዚህ ግቢ ተመለሱ፤ ባላቸውም ጠብቀው ጠብቀው ሌላ አገቡ። ይህንን ሁሉ ሲነግሩኝ በማንም ላይ አላማረሩም። ሲሸኙኝ ብቻ የግቢውን በር ከኋላዬ ሲቀረቅሩት ሰማሁ። ቀን ነበር፤ በሌላ ጊዜ ያ በር በቀን ተቀርቅሮ አላየሁትም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው የተማሪ ወረቀት እያረመ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"አንቺን ማን ንገሪያቸው አለሽ?"

"የሚያውቁ መስሎኝ ነው።"

"የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እኛ መጠየቅ ያለብንን ጠይቀናል፤ እሱ መልሷል።"

"ሳያውቁ ቢፈርሙስ?"

እስክሪብቶውን አንስቶ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ተናዶ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ፈርቶ ነው። ከአባቱ የደረሰውን መሬት ለወንድሞቹ ለቆ ያገኘው ገንዘብ፣ የእኔ የዕቁብ ብር፣ ከባንክ የምንበደረው፣ ሁሉም እዚያ ግቢ ውስጥ ገብቷል። እኛ ብንተወው ቀብዱ ይቀራል። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ የአከራያችን የሠርግ ድንኳን ምሰሶዎች መከመር ጀምረዋል፤ ልጆቹ በላያቸው እየዘለሉ ነው የሚያልፉት።

በነጋታው አንድ የሚያውቀውን ጠበቃ አማከረ። ጠበቃው ሴትየዋ ተታልለው ከፈረሙ ነገ ፍርድ ቤት ሄደው ውሉን ሊያስፈርሱት እንደሚችሉ፣ እስኪወሰን ድረስ ቤቱ ላይ እግድ እንደሚወጣ፣ ይህም ዓመታት ሊፈጅ እንደሚችል ነገረው። ባለቤቴ ሲመለስ፣ "ልክ ነሽ፣ እንኳን ነገርሻቸው" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ልቡን የመለሰው የእትዬ ነገር እንዲሆን ነበር የፈለግሁት፤ የመለሰው የእግዱ ፍራቻ ነው። ይህንን አልነገርኩትም።

ወደ ሰውየው የደወልነው አብረን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ "እርስዎ" ሲለኝ የነበረው ሰው፣ እህቱ ማወቃቸውን ስነግረው፣ "አንቺ ቤት ነው የገዛሽው ወይስ ቤተሰቤን?" አለኝ። ስልኩን ባለቤቴ ተቀበለኝ። ረጋ ባለ የአስተማሪ ድምፁ፣ እህትየው አውቀውና ፈቅደው ካልፈረሙ እኛም እንደማንፈርም ነገረው። ሰውየው በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ።

ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን፤ እሱ፣ እትዬ፣ እኛ ባልና ሚስት፣ ደላላውና የሰፈሩ ዕድር ሊቀመንበር የሆኑ አንድ አዛውንት። አዛውንቱ መጀመሪያ እንዲናገር የጋበዙት ወንድምየውን ነው። ሊያታልላት እንዳልነበረ ማለ። አምና እትዬ ግቢው ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ድረስ ዝናብ ላይ ተኝተው ቆይተው ነበር። ያንን የሰማው በሦስተኛ ወገን ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሞቷን የሚያረዱት ይመስለዋል።

"ብነግራት እምቢ ትላለች" አለ ወደ አዛውንቱ እያየ። "እምቢ ካለች ደግሞ እኔ እሷን ማስገደድ አልችልም። ያሳደገችኝ ናት። ስለዚህ ሳልነግራት ላድርገው አልኩ።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሌባ ነው ብዬ ነበር። ሌባ አልነበረም፤ ያም ነገሩን አከበደው እንጂ አላቀለለውም። አዛውንቱ በዕድሜ ብቸኝነት ከባድ መሆኑን፣ ወንድም ያለው ሰው ወንድሙ ጋ ቢጠጋ ነውር እንደሌለው አስረዱ። ደላላው በየመሃሉ ራሱን ይነቀንቃል። እትዬ ጠቅላላው ንግግር እስኪያልቅ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ እያጣጠፉ አዳመጡ። በመጨረሻ አዛውንቱ፣ "እንግዲህ ምን ትያለሽ?" ሲሏቸው፣ "እሺ" አሉ። ሁሉም ተነፈሰ፤ ደላላው ተነስቶ እጅ ጨበጠ። እኔ ብቻ እትዬን እያየሁ ነበር። በሥራዬ እንዲህ ያለ "እሺ" አውቃለሁ። መርፌ የሚፈራ ሰው እጁን ሲዘረጋ የሚለው ነው።

የፊርማው ቀን ውልና ማስረጃ ቢሮ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እትዬ አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ወንድማቸው ከጎናቸው ሆኖ መታወቂያቸውን ይዞላቸዋል። ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብላ አነበበች። እኛን ጠየቀችን፤ መለስን። ወንድምየውን ጠየቀችው፤ መለሰ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች።

"እማማ፣ እርስዎስ ይህንን ቤት የሚሸጡት በራስዎ ፈቃድ ነው?"

እትዬ መልስ አልሰጡም። ልጅቷ ያልሰሙ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ከኋላችን ያሉት ባለጉዳዮች ወሬያቸውን አቆሙ። የወንድምየው ጆሮ ሲቀላ አየሁ።

"አይደለም ብልሽስ?" አሉ እትዬ።

"ካልሆነ አላጸድቀውም። ሲወስኑ ይመለሳሉ።"

"እንግዲያው ዛሬ አልፈርምም።"

መታወቂያቸውን ከወንድማቸው እጅ ወሰዱና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ወንድምየው ተከትሏቸው ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ብቻውን ተመለሰ። ባጃጅ ይዘው ሄደዋል። እንዲሳፈር አልጋበዙትም። እዚያ በቆምንበት እርስ በርስ መተያየት አቃተን። ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ፤ እንደዚያ ሲቀመጥ ያየሁት አባቱ የሞቱ ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት አላልቅ አለ። እትዬ በራቸውን ለወንድማቸውም ለአዛውንቱም አልከፈቱም። ወንድምየው መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዞ፣ ሱቁን አዲስ አበባ ዘግቶ ይጠብቃል። ደላላው በየቀኑ እየደወለ፣ ሻጭ ውል ካፈረሰ ቀብዱን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ፣ ሽማግሌ ልከን እንድንጠይቅ ይመክረናል። ባለቤቴ ወደዚያ ማዘንበል ጀምሯል። እኔ ትንሽ እንጠብቅ አልኩ።

"ምንን?" አለኝ። "ድንኳኑ ሊተከል ነው። ልጆቹን ይዘን የት እንገባለን?"

ከሥራ ስመለስ የባጃጁን ሹፌር በዚያ መንገድ አሳልፈኝ እለው ነበር። በሩ እንደተዘጋ ነው። ከአጥሩ በላይ የጣሪያው ቆርቆሮና የዛፉ ጫፍ ብቻ ይታያል። አንድ ቀን ወርጄ ላንኳኳ አስቤ እጄን አንስቼ መለስኩት። ባንኳኳ ምን እላቸዋለሁ? ፈርሙልኝ ለማለት ነው የመጣሁት እንጂ ለሌላ አይደለም፤ ያንንም ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ሐሙስ ዕለት ቡሹሎ፣ ከቀትር በፊት፣ ቀጣዩን ታካሚ ስጠራ የገቡት እትዬ ናቸው። ካርድ አውጥተው፣ ከነፍሰ ጡሮችና ከገበሬዎች ጋር ተሰልፈው ተራቸውን ጠብቀዋል። ታመው መስሎኝ ደነገጥኩ።

"ደህና ነኝ" አሉኝ። "ቤትሽ ብመጣ ባልሽ አለ፤ እኔ ቤት ብትመጪ ሰፈሩ አለ። እዚህ ግን ማንም አይጠይቀንም ብዬ ነው።" እንዲሁ እንዳይሄዱ ደም ግፊታቸውን እየለካሁ አዳመጥኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ግቢውን ሲዞሩ፣ እያንዳንዱን ክፍል ሲያጸዱ ከርመዋል። የሚያድሩት በአንዱ ብቻ ነው። የጭቃው ቤት ጀርባ ተሰንጥቋል፤ ለመጠገን አቅም የላቸውም፤ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ወንድማቸውን መለመን ታክቷቸዋል።

"እሸጣለሁ" አሉ። "አዲስ አበባ ግን አልሄድም። እሱ ቤት ሚስቱ አለች፣ ልጆቹ አሉ፤ እኔ እዚያ ማን ነኝ? ድርሻዬ በራሴ ስም ባንክ ይግባ። እዚሁ ሀዋሳ አቅሜ የቻለውን ቤት እፈልጋለሁ። እስከዚያ ደግሞ ክረምቱን ከኋላ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ልክረም። ከተስማማሽ ነው።"

ባለቤቴን ሳላማክር እሺ አልኳቸው። ለወንድማቸው እኔ ልንገረው ስል ግን እጄን ያዙኝ።

"አንቺ አትንገሪው። እኔ ነኝ የምነግረው።"

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በራቸውን ከፍተው ወንድማቸውንና አዛውንቱን አስጠሩ። እኔ አልነበርኩም፤ በኋላ የሰማሁት ከአዛውንቱ ነው። ወንድምየው ስለ ድርሻው ምንም አልተከራከረም፤ እዚሁ ብቻዬን እኖራለሁ የሚለው ላይ ግን ለመናቸው፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመናቸው። እትዬ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ፣ "ብትጠይቀኝ ኖሮ መጀመሪያውኑ ይህንን እነግርህ ነበር" አሉት። ከዚያ በኋላ መለመኑን ተወ።

ለሁለተኛ ጊዜ ውልና ማስረጃ ስንቀርብ መስኮቱ ላይ ያለችው ያችው ልጅ ናት። አውቃናለች። ውሉን አንብባ ወደ እትዬ ዞረች። እትዬ ጥያቄውን እስክትጨርስ አልጠበቋትም።

"በፈቃዴ ነው" አሉ፤ እስክሪብቶውንም ራሳቸው ጠየቁ። ፊርማቸውን ፊደል በፊደል፣ ሳይቸኩሉ ጻፉት። ወንድምየው ከእኛ ጋር ተጨባብጦ እሳቸውን ጉንጫቸው ላይ ሳማቸው። እሳቸው ጉንጫቸውን ሰጡት እንጂ አልሳሙትም። የዚያኑ ዕለት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ በዝናብ ገባን። ባለቤቴ እትዬ መክረማቸውን መጀመሪያ ላይ በደስታ አልተቀበለውም፤ ቤቱ የእኛ የማይመስለው ሆነ። እትዬም ቢሆኑ ወጥ ቤት ሲገቡ በር ያንኳኩ ነበር፤ ያ ከሁሉም ይበልጥ ያሳቅቀኝ ነበር። ጎረቤቶቹ ደግሞ እኛን ነው የወነጀሉት። አንዲት ብቸኛ ሴት ከእናቷ ቤት አስወጥተው ጓሮ አስቀመጧት ተባለ። ዕድር ልመዘገብ የሄድኩ ቀን ቦታ የለቀቀልኝ ሰው አልነበረም፤ እስከ መጨረሻው ቆሜ ወጣሁ። እትዬ ይህንን ሰሙ። በሚቀጥለው ስብሰባ አብረውኝ መጥተው ሁለት ሰው በሚያስቀምጠው ወንበር ላይ ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

ወንድማቸው ሲደውል ስልክ አያነሱለትም ነበር። ስለዚህ ወደ እኔ ይደውላል፤ እንደገናም "እርስዎ" እያለ። ጉልበቷ እንዴት ነው ይለኛል፤ ደህና ናቸው እለዋለሁ። ብርድ ልብስ አላት ወይ ይለኛል፤ አላቸው እለዋለሁ። መደወሉን ስነግራቸው ያዳምጡኛል፤ መልስ ግን አይልኩለትም።

መስቀል ሲደርስ ሳይናገር መጣ። በእነ እትዬ ቤተሰብ ዘንድ መስቀልን ከወገን ተለይቶ ማሳለፍ ከባድ ነገር ነው፤ የትም ያለ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። እሱ ደግሞ ይመለስበት የነበረውን ቤት ሸጦታል። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። እጁ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሥጋና ቅቤ ይዞ፣ አንድ እግሩ ከደፍ ውጭ እንዳለ ቆመ። ገብቶ በማያውቅበት ግቢ ቆሞ እንደሚያስፈቅድ እንግዳ፣ "እትዬ ትኖራለች?" አለኝ።

እትዬ ከክፍላቸው ወጥተው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩት። ጸጉሩ በዚያች ክረምት ብቻ የሸበተ ይመስል ነበር።

"አስገቢው" አሉኝ።

ቅቤውን ተቀበሉትና እሳቸው ከጓዳ ያወጡትን ቆጮ፣ እሱ ሥጋውን መክተፍ ያዙ። እኔና ልጆቹ ራቅ ብለን ተቀመጥን፤ ባለቤቴ ግን ሥጋ መክተፉን ሊያግዝ ተጠርቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። በልተን ከጨረስን በኋላ እትዬ ከቡሹሎ መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ትንሽ ቤት እንዳዩ፣ ካርታዋን እያጣሩ እንደሆነ ተናገሩ። ለማን እንደሚናገሩ ግልጽ አልነበረም፤ ዓይናቸው ልጆቹ ላይ ነበር።

ወንድምየው ቀና አለ። "ነገ እኔም አብሬሽ ሄጄ ልያት?"

እትዬ ሰሃኖቹን መደራረብ ጀመሩ።

"ነገ እኔ ሄጄ ደግሜ ልያት" አሉት። "ካማረችኝ እነግርሃለሁ።"